የጋራ ፋይል ማከማቻ ሲለካ ፈጥኖ ሲሠራበት ለምን ይዘገያል?

ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ የሚሠራ አንድ ፎቶ ቤት ለአብነት ይታሰብ። የሠርግ ቪዲዮዎቹን በአንድ የጋራ ማከማቻ አስቀምጦ ሠራተኞቹ በኔትወርክ እየከፈቱ ይሠሩባቸዋል። ባለቤቱ ፍጥነቱን ሲለካ በሰከንድ 300 ሜጋባይት ያገኛል። በማግስቱ ግን 40 ጊጋባይት ቪዲዮ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ደንበኛውም ቆሞ ይጠብቃል። አዲስ ማከማቻ ለመግዛት ከማሰቡ በፊት ሁለቱ ቁጥሮች የምንን ፍጥነት እንደሚናገሩ ማወቅ ይኖርበታል።

በብዛት የሚሠራበት የኔትወርክ መስመር በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት ያስተላልፋል። አንድ ባይት 8 ቢት በመሆኑ ይህ ከ125 ሜጋባይት አይበልጥም፤ በተግባር ደግሞ 110 ገደማ ነው። ከጁገል በር የሰፋ ጭነት በበሩ እንደማያልፍ ሁሉ 300 ሜጋባይትም በዚህ መስመር አያልፍም። የተለካው የኮምፒውተሩ የራሱ ራም ነው። መሞከሪያው ፋይል ትንሽ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራም ላይ ይዞት ሳለ «ተጽፏል» ይላል። በዚህ መሐል መብራት ቢጠፋ ፋይሉም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ራም ላለው ኮምፒውተር ቢያንስ 16 ጊጋባይት የሆነ መሞከሪያ ያስፈልጋል።

የአንድ ሰዓቱ ቁጥር የበለጠ ይናገራል። 40 ጊጋባይት በአንድ ሰዓት ማለት በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ይህም የ100 ሜጋቢት መስመር ልክ ነው። መስመሩ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል ማለት ነው። በኬብሉ ውስጥ ካሉት 8 ቀጫጭን ሽቦዎች የ1,000 ሜጋቢቱ መስመር ሁሉንም ይፈልጋል፤ ለ100 ሜጋቢቱ ግን 4 ይበቃሉ። ለ100 ሜጋቢቱ ከማያስፈልጉት ሽቦዎች አንዱ ቢበጠስ ወይም መሰኪያው ላይ በደንብ ባይታሰር መስመሩ ላይቋረጥ ይችላል፤ ማንም ሳያውቅ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ሊቀጥል ይችላል። አሮጌ ስዊችም ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል።

መስመሩ ደኅና ሆኖ ሥራው ከዘገየ ጥርጣሬው ወደ ሃርድ ዲስኩ ይዞራል። ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል በፍጥነት ቢያነብም፣ የተበታተኑ ሺህ ትናንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ በእጅጉ ይዘገያል። የመሬት ይዞታ መዝገብ በጋራ ማከማቻ የሚይዝ ጽሕፈት ቤት በአንድ ትልቅ ፋይል ለክቶ ጥሩ ቁጥር ቢያገኝ፣ በመስኮቱ ፊት የቆመው አርሶ አደር ለምን እንደሚጠብቅ አይገልጽለትም።

አይፐርፍ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስክ ሳይነካ መስመሩን ብቻ ይለካል። ከዚያም በፊት ግን የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ማስተካከያ የሚያሳየውን የመስመር ፍጥነት ማየት ይቻላል፤ 100 ካለ በቅድሚያ የሚቀየረው ኬብሉ ነው።