የሽንኩርት መፍጫ ከመግዛትዎ በፊት

ወጥ ከሽንኩርት ይጀምራል። በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙም ሆነ በያዮ፣ ለበዓል ዶሮ የሚሠራ ቤት ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው እያስለቀሰ የሚከተፈው ሽንኩርት ነው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ፣ ለዳጣ የሚሆነው ቃሪያም ሲጨመር ከሰዓቱ ብዙውን ይወስዳል፤ ድካሙም በአብዛኛው የሚወድቀው በእናቶችና በሴት ልጆች ላይ ነው። ይህን ሸክም የሚያቀል መሣሪያ ቅንጦት ነው ብዬ አላምንም።

መሣሪያው ፉድ ፕሮሰሰር ይባላል። መጀመሪያ የተሠራው ለምግብ ቤቶች ሲሆን ፈልሳፊው ፈረንሳዊው ፒየር ቬርዳን ነው። ማጂሚክስ የተባለው የቤት ውስጥ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ወጣ። በ1973 ደግሞ ካርል ሶንታይመር ኩዊዚናርት በሚል ስም ለአሜሪካ ገበያ አቀረበው።

ሱቅ ውስጥ ከጁስ መፍጫ ጋር አብሮ ስለሚደረደር ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ጁስ መፍጫ ጠባብና ረጅም ነው፤ በደንብ ለመፍጨትም ፈሳሽ ይፈልጋል። የፉድ ፕሮሰሰር ዕቃ ግን ሰፊ ነው፤ ግርጌው ላይ የሚሽከረከረው ጥምዝ ምላጭ ያለ ውሃ ይከትፋል። ተለቅ ያሉት ጥቅል ጎመንና ካሮት የሚቆራርጡ፣ የሚፍቁም ክብ ምላጮች አሏቸው።

ሁሉንም ሥራ ግን አይችልም። በርበሬና ሽሮ የወፍጮ ቤት ሥራ ናቸው። ቡናም ለሙቀጫው ወይም ለራሱ መፍጫ ይቅር፤ ጠንካራ ፍሬ የፕላስቲክ ዕቃውን ይጭራል፣ ሽታውም አይለቅም። የተቀቀለ ድንች ቢፈጩበት እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የአቮካዶ ጁስ የሚፈልግም ጁስ መፍጫውን ይግዛ።

ሲመርጡ በመጀመሪያ ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ዕቃ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ያለ መቀየሪያ ከተሰካ ይቃጠላል። ቀጥሎ መጠኑን ይዩ፤ ዕቃው እስከ አፉ ስለማይሞላ 2 ሊትር የተባለው በአንድ ጊዜ 2 ሊትር አይከትፍም። ምላጩ የማይዝግ ብረት ይሁን።

ከሁሉ በላይ ክዳኑን ይመርምሩ። አብዛኞቹ ማሽኖች ክዳኑ በትክክል ካልገጠመ እንዳይነሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ለጣት ደኅንነት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ትንሿ የክዳን ጥርስ ከተሰበረች ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ማሽኑ ሥራ ያቆማል። መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መርካቶ የገዙትን ዕቃ ለመቀየር መመለስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ክዳንና ምላጭ ለብቻቸው ይገኙ እንደሆነ ይጠይቁ፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ አስሰክተው ሽንኩርት ያስከትፉበት።

የመብራት ወጪው አያሳስብም። 600 ዋት የሚስብ ማሽን 5 ደቂቃ ቢሠራ 0.05 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚፈጀው። 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ1 ሰዓት የሚወስደው የዚህን 70 እጥፍ ነው። የሚያሳስበው የመብራቱ መቆራረጥና ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉት፤ ሲመለስም ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ይቆዩ።

አጠቃቀሙም ጣዕሙን ይወስናል። ሽንኩርቱን አራት ቦታ ይክፈሉ፣ ዕቃውን ከግማሽ በላይ አይሙሉ፣ ማብሪያውን ለአንድና ለሁለት ሰከንድ እየተጫኑ ይልቀቁ። ዝም ብለው ካስፈጩት ሽንኩርቱ ውሃውን ይለቃል፤ ቁሌቱም ቶሎ አይበስልም። ትናንሾቹ ማሽኖች ለረጅም ሥራ ስላልተሠሩ በየመሃሉ ያሳርፏቸው። ምላጩን ከማውጣትዎ በፊት ሁልጊዜ ይንቀሉ፤ ከልጆችም ያርቁ።

ለአምስትና ለስድስት ሰው ለሚያበስል ቤት 2 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ከ600 እስከ 800 ዋት የሆነ፣ አንድ ጥሩ ምላጭና ጠንካራ ክዳን ያለው ይበቃል። የማይነኩ አሥር መለዋወጫዎች ስላሉት ብቻ ውዱን አይግዙ። ቤተሰቡ ሁለት ሦስት ሰው ከሆነ ወይም መብራት በየጊዜው የሚጠፋ ከሆነ፣ ገመዱ እየተሳበ የሚከትፈው የእጅ መፍጫ በጣም ርካሽ ነው፣ በጨለማም ይሠራል። በየትኛውም ቤት ቢሆን ገንዘቡ ሲወጣ ምርጫው በየቀኑ ሽንኩርቱን ለምትከትፈው ይሰጥ።