ተለዋጭ የሄልሜት መስታወት በድሬ ዳዋ መንገድ

የሄልሜት መስታወት የሚሠራው ፖሊካርቦኔት ከተባለ ፕላስቲክ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ሽኔል እ.ኤ.አ. በ1953 በባየር ኩባንያ ውስጥ የሠራው ይህ ፕላስቲክ ጠጠር ቢመታው በቀላሉ አይሰበርም፤ በጭረት ግን ቶሎ ይጎዳል። ለዚህም ላዩ ላይ ጠንከር ያለ ስስ ሽፋን ይቀባል።

ድሬ ዳዋ ለዚህ ሽፋን ከባድ ከተማ ናት። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለው የአሸዋ ሜዳ ነው። ነፋስ ያነሳው አሸዋ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ሞተረኛው በእጅጌው ጠረግ ያደርገዋል፤ ያኔ አሸዋው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ጭረቱ ቀን ላይ ብዙም አይታወቅም። ማታ ግን ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ጭረቱ ላይ ይበተንና መንገዱ ጨርሶ ይጠፋል።

ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው ችግሩ ይብስበታል። ድሬ ዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ደንገጎ ሲደርስ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። በቀትር ፀሐይ ጠቆር ያለ መስታወት ዓይን ያሳርፋል። ምሽት ሲሆን ግን ቶሎ ይጨልማል፤ በጥቁር መስታወት ያንን ጥምዝ መውረድ ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ ነጩ መስታወት በተለዋጭነት አብሮ መጓዝ አለበት።

ለተለዋጩ መስታወት መያዣ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የታጠበ አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ለልብስ ሰፊ ይሰጥና ድርብ ከረጢት ሆኖ ይሰፋል፤ ዚፕ ስለሚጭር አፉ በክር ይታሰር። የመስታወቱ ጎድጓዳ እንዳይደፈጠጥ ውስጡ ሻሽ ጠቅልሎ ማስገባት ይበጃል። ከዚያ ከጀርባ ቦርሳ ውስጥ ከላይ ይቀመጣል። ከፒንሳና ካቻቢቴ ጋር ማጨቅ ክልክል ነው፤ ቤንዚን የነካው ጨርቅም አጠገቡ አይድረስ። ቤንዚን ፖሊካርቦኔትን ያሰነጥቃል፤ በቤንዚን ማጽዳት ብዙ ጊዜ የማየው አደገኛ ልማድ ነው።

አቧራ ከያዘ እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ጣል አድርጎበት አሸዋው ሲርስ በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው።

አዲሱን ገጥሞ የተጫጫረውን ለተለዋጭነት የሚያስቀምጥ ብዙ ነው። ተለዋጩ የሚገጠመው ሲጨልም ስለሆነ ከሁለቱ ጥርት ማለት ያለበት እሱ ነው፤ የተጫጫረው ይጣል።