በዓይን ነጭ ላይ ስለሚታየው ደም

በወላይታ፥ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ወደ ሶዶ ገበያ ሸክሙን ይዞ የሚመላለስ ሕዝብ ብዙ ነው። ከዚህ ሕዝብ አንዱ ሌሊቱን ሲያስለው ያድርና ጧት የዓይኑ ነጭ እንደ በርበሬ ቀልቶ ይገኛል። ሕመም የለውም፤ ማየቱም አልጎደለም፤ ነገር ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ ይደነግጣል። አንዱ የሰው ዓይን ወግቶታል ይላል፤ ሌላው ቅጠል ጨምቆ ሊያንጠባጥብለት ይቸኩላል።

የደሙ ምክንያት ግን በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። የዓይንን ነጭ የሚሸፍን ስስ ልባስ አለ፤ በውስጡም እንደ ፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ይገኛሉ። ሰው በኃይል ሲያስል፥ ሲያስነጥስ፥ ሲያስመልስ፥ ከባድ ሸክም ሲያነሣ፥ ወይም ሴት ስታምጥ ከእነዚህ ሥሮች አንዱ ይበጠስና ደሙ በልባሱና በነጩ መካከል ይታሰራል። አየር በስሱ ልባስ አልፎ ስለሚደርሰው ደማቅ መልኩን ይዞ ይቆያል፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው እንጂ ደሙ ጥቂት ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ እንደ ተመታ ገላ እየገረጣ በራሱ ይጠፋል፤ የቅጠሉ ጭማቂ ግን ጤነኛውን ዓይን ሊያቈስል ይችላል።

ሆኖም መዘናጋት አይገባም። ዕድሜው የገፋ ሰው ያለ ሳልና ያለ ሸክም ዓይኑ ደም ቢቋጥር የደም ግፊቱን ያስለካ፤ ግፊት ድምፅ ሳያሰማ የሚገድል ደዌ ነውና። የስኳር በሽታም የደም ሥርን ያደክማል። አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር እንጂ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ አይተው። ሕፃኑን ትክትክ ይዞት ከሆነ መታከም ያለበት ሳሉ ነው። ደሙ የሚመላለስና ድድና አፍንጫም የሚደሙ ከሆነ የደም ምርመራ ያሻል። በእንጨት ፍላጭ ወይም በበትር የተመታ ዓይን ግን ሳይታሽና ሳይጫኑት በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይድረስ።

ተላላፊም አለ። በ1961 ዓ.ም. በጋና ዓይንን የሚያደማ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ የወረደበት ወራት ስለ ነበር ሕዝቡ «የአፖሎ በሽታ» ብሎ ሰየመው። መንኰራኵሩ ከነገሩ የለበትም፤ አምጪው በእጅና በፎጣ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ይህ ዓይንን ያቃጥላል፥ ያስለቅሳል፤ ከፊተኛውም በዚህ ይለያል።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ ግርዶሽ፥ ከመቶ 11.5 ያህሉ ደግሞ በዓይን ማዝ ወይም በትራኮማ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ወላይታም ትራኮማ ከቈየባቸው አገሮች አንዱ ነው። ይህ በሽታ ደም አያሳይም፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ታጥፎ ፀጉሩ የዓይኑን ጥቁር ሲፍቀው ባለቤቱ በወረንጦ እየነቀለ ዓመታት ይታገሣል። በማያሳውረው ደም የሚሮጥ ሰው በሚያሳውረው ዝም ይላል። እንግዲህ በደሙ ደንግጦ ጤና ጣቢያ ለደረሰው ሰው ግፊቱ ይለካለት፥ የዓይኑም ቆብ ተገልብጦ ይታይለት፤ ካህናቱም ለጠበል የመጣውን ወደዚያው ቢልኩት ከጠበሉ የሚጎድል የለም።