ሽንት ወደ ኋላ ሲመለስ በሕፃናት ኩላሊት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

በመስቀል ሰሞን በሆሳዕና ወይም በዱራሜ አካባቢ ያደገ ልጅ የታረደውን በሬ ፊኛ ነፍቶ፥ አንገቱን በክር አሥሮ ኳስ ሲደረግ ሳያይ አልቀረም። ከሱቅ የሚገዛው የላስቲክ መጫወቻም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በጨዋታው ውስጥ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ ፊኛው የሚታሠረው በአንገቱ ብቻ ሲሆን፥ ከኩላሊት የሚመጡት ሁለት ቧንቧዎች የሚገቡበት ቀዳዳ ሳይቋጠር ይቀራል። ታዲያ ነፋሱ በዚያ በኩል ስለምን አይወጣም? በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን ይህንኑ ተመልክቶ ጽፎበታል።

ምክንያቱ የቧንቧው አገባብ ነው። ቧንቧው የፊኛውን ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይበሳም፤ በሥጋው መካከል አግድም ጥቂት ተጉዞ ነው የሚገባው። ስለዚህ ፊኛው በሽንት ሲሞላ ወይም ለመሽናት ሲኮማተር ግድግዳው ቧንቧውን ይጫነውና ይዘጋዋል። አንዳንድ ሕፃናት ግን ይህ በግድግዳው ውስጥ ያለው መንገድ አጥሮባቸው ይወለዳሉ። እነዚህ ሲሸኑ ከሽንቱ ከፊሉ ወደ ውጭ፥ ከፊሉ ሽቅብ ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ሽቅብ የሄደው ተመልሶ ፊኛው ውስጥ ስለሚጠራቀም ልጁ ሸንቶ እንኳ ፊኛው ባዶ አይሆንም፤ ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል ማለት ነው።

ንጹሕ ሽንት መመለሱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከባድ ጉዳት አያደርስም። አደጋው ሽንቱ ባክቴሪያ ይዞ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ኩላሊቱ ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ደም አያጣራም። ሐች የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 የሽንት መመለስን አከርካሪያቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ አጥንቶ አሳየ፤ በ1960 ደግሞ ሆድሰንና ኤድዋርድስ በራጅ ተመርተው የኩላሊት ጠባሳን ከዚሁ ጋር አያያዙት። ሁለቱም ኩላሊቶች ብዙ ጠባሳ ካለባቸው ልጁ በጉርምስናው ወራት የደም ግፊት ይዞት፥ በመጨረሻም ኩላሊቱ ሊደክም ይችላል።

ወደ አገራችን ነገር እንመለስ። ሕፃን አፍ አውጥቶ ሽንቴ ያቃጥለኛል አይልም፤ ያተኩሰዋል፥ ያስመልሰዋል፥ ጡት እንቢ ይላል። ይህ ምልክት የስንቱ በሽታ ምልክት ነው! በግቤና በብላቴ ቆላ ከሆነ ወባ ነው ይባላል፤ በደጋው ከሆነ ምች ነው ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሻል፤ ወይም እንጥሉ ወርዷል ይባልና ይቆረጣል። በሰፈራችን የነበረች አንዲት ሕፃን በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ታተኩስ ነበር። በመጀመሪያው ምች ተባለች፤ በሁለተኛው እንጥሏ ተቆረጠ፤ በሦስተኛው መርፌ ተወጋችና ትኩሳቱ በረደ። መርፌውም ነገሩን ሸፈነው እንጂ አልፈታውም። ሽንቷ የተመረመረው በአራተኛው ነው። አዲስ አበባ ተልካ በቀጭን ቱቦ ቀለም ወደ ፊኛዋ ገብቶ ስትሸና ራጅ ስትነሣ፥ ቀለሙ እስከ ግራ ኩላሊቷ ድረስ ሲወጣ ታየ። ኩላሊቱም ከቀኙ አንሶ ተገኘ። ይህን ምርመራ ለእያንዳንዱ ሕፃን አድርጉ የሚል የለም፤ የሽንቱን ምርመራ በወረቀት ለማድረግ ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሳልና ተቅማጥ የሌለው፥ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲሆን እስከ አራተኛው ጊዜ መጠበቅ ለምን?

የሽንት መመለስ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። ዝቅተኛው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሲያድግ፥ መንገዱም ሲረዝም በራሱ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በ607 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ለ2 ዓመት በየቀኑ ጥቂት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መስጠት ተመላላሹን ሕመም በግማሽ ያህል እንደቀነሰ፥ ጠባሳውን ግን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ እኔ ከመከላከያው ክኒን ይልቅ ትኩሳቱ በተነሣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መታከሙን አስበልጣለሁ። ከባድ ደረጃ ያለበት አንዳንዱ ልጅ በቀዶ ሕክምና ቧንቧው እንደገና ይተከልለታል። የወንድ ልጅ ሽንት እየተንጠባጠበ ወይም እየሳሳ የሚወርድ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በመውጫው ላይ የሚዘጋ ስስ ሥጋ ሊኖር ስለሚችል ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት መጸዳጃ አስጠልቷቸው ቀኑን ሙሉ ሽንታቸውን የሚይዙ ልጆች፥ በተለይም ሴቶቹ፥ ሕመሙን እንደሚያባብሱም አስተማሪዎች ቢያውቁት መልካም ነው።

ኩላሊት ፈጽሞ ከደከመ በኋላ ያለው መንገድ ጠባብ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በመኪና ደም ማሳጠብ፥ ወይም ንቅለ ተከላ ነው፤ ይህም በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲሆን፥ ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ሕመሙ በዘር ይሄዳል፤ ካለበት ልጅ ወንድሞችና እኅቶች መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል ይገኝበታል። የዚያች ሕፃን ታናሽ ወንድምም ተመርምሮ በቀኝ በኩል 2ኛ ደረጃ ተገኘበት። አሁን ትኩሳት በያዘው ቁጥር እናቱ ከዳማ ከሴው በፊት ንጹሕ ኩባያ ታነሣለች።