የሞርስ መምቻ በኪሎ አይሸጥም

ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስትወርዱ “ቆራሌው!” የሚለውን ጥሪ ሳትሰሙ አትቀሩም። ቆራሌው በሚዛን የሚገዛው ነሐስ ግን አንዳንድ ጊዜ ከነሐስነት በላይ ነው። በአሮጌ ዕቃ መካከል፣ በጣውላ ላይ የተተከለና ጫፉ ክብ እጀታ ያለው ትንሽ የነሐስ ዘንግ ብታገኙ፣ ምናልባት የሞርስ መምቻ ነውና አትቸኩሉ።

ዳግማዊ ምኒልክ የቴሌኮሙኒኬሽንን ሥራ ያስጀመሩት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ነው። ቀደምቱ መስመር አዲስ አበባን ከሐረር አገናኘ፤ ከ1902 እስከ 1904 ደግሞ ኢጣሊያኖች የአሥመራውን መስመር ዘረጉ። በበቅሎ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው መልእክት በሽቦ ፈጥኖ መድረስ ጀመረ።

የመምቻው ሥራ የኤሌክትሪክን መንገድ መግጠምና መክፈት ብቻ ነው። ዘንጉ ሲጫን ሁለት የብረት ጫፎች ይገናኛሉ፤ ሲለቀቅ ሞላው ያነሣዋል። አጭሩ ምት ነጥብ፣ ረዥሙ ሰረዝ ይባላል። ሰረዝ የሦስት ነጥብ ያህል ይቈያል፤ በሁለት ፊደላት መካከል የሦስት፣ በሁለት ቃላት መካከል የሰባት ነጥብ ያህል ዝም ይባላል። ይህ ልክ ሲዛባ መልእክቱም ይዛባል።

እንግዲህ አሮጌውን መምቻ ለማደስ በመጀመሪያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። የሚገናኙትን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ ንጹሕ ወረቀት በመካከላቸው አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ክፍተቱን የወፍራም ወረቀት ያህል አጥብቡ። ሞላው ከጠነከረ እጅ ይደክማል፤ ከላላ ነጥቦቹ ይጣበቃሉ። እንዳይንሸራተትም በከባድ እንጨት ላይ እሰሩት። ስትመቱ ክንዳችሁ በጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ የሚሠራው የእጅ አንጓ ይሁን። ለልምምድ ባትሪና ትንሽ ደወል ይበቃል፤ በሬዲዮ ለማሰራጨት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል።

“ዛሬ ምን ያደርጋል?” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2003 የተደረገው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ጉባኤ ሞርስ ማወቅ ለአማተር ፈቃድ የግድ መሆኑን አስቀርቷል። ሆኖም የሰው ድምፅ በጫጫታ ሲዋጥ፣ በጥቂት ዋት ኃይል የተላከ ሞርስ ይሰማል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ኢቲ3ኤኤ የሚባል የአማተሮች ጣቢያ ተቋቁሟል።

በ2024 ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ለትውልድ የቈየው ዕቃ ሁሉ ከየጓዳው መውጣቱ ግድ ሆነ። ዕቃ ሲበተን ታሪኩም አብሮ ይበተናል። ስለዚህ መምቻ ያገኘ ሰው ከማጽዳቱ በፊት አረጋውያንን ይጠይቅ፤ ማን ይመታበት እንደነበር፣ የትና በየትኛው ዘመን እንደሆነ በወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር ይሰር። ነሐሱ ነገም ሊወለወል ይችላል፤ ባለቤቱን የሚያውቁት ሽማግሌ ግን ነገን ላይጠብቁ ይችላሉ።