ስሙ አንድ፣ ባለቤቱ ሁለት!

እስቲ ስልካችሁን አውጡና ዋይፋዩን ክፈቱት። አንድ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ፣ አንደኛው ፓስወርድ የማይጠይቅ ከሆነ ቆም በሉ!

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንሄድ ኮሶዬ ላይ ገደሉን ለማየት በወረድንበት ሰዓት አንዲት ወጣት ያጫወተችኝ ይህንኑ ነው። የምትሠራው በዚያው መስመር ባለ አንድ ፔንሲዮን ሪሴፕሽን ላይ ነው። የአንድ እንግዳ ኢሜይል ተሰርቆ ጣት የተቀሰረው በእሷ ላይ ሆነ። «ጋሼ፣ ፓስወርዱን የምሰጠው እኔ ስለሆንኩ ሌባዋም እኔ ተባልኩ» አለችኝ። የእንጀራ ጉዳይ ነው!

ሌላ ሰው በፔንሲዮኑ ስም የራሱን ዋይፋይ ቢከፍትስ? እንግዳው ይገባል፤ «ኢሜይልና ፓስወርድ ያስገቡ» የሚል ገጽ ይመጣለታል፤ ይሞላል፤ አለቀ! ስም መስረቅ ቀላል ነው፤ ሞገዱ ከየት እንደሚመጣ መደበቅ ግን ይከብዳል። መላው ይኸውላችሁ።

አንደኛ፣ የግቢውን ክፍሎችና ጓሮውን ወረቀት ላይ ንደፉ።

ሁለተኛ፣ የዋይፋይ ጉልበት የሚለካ ነፃ አፕ በአንድሮይድ ስልክ ጫኑ። እያንዳንዱ የዋይፋይ ሳጥን ባለ 12 ሆሄ መለያ አለው። የቤቱን ሳጥን ለአፍታ ከሶኬት ንቀሉት፤ ከዚያም በኋላ በዚያው ስም የቀረው ባዕድ ነው።

ሦስተኛ፣ በየክፍሉ ግማሽ ደቂቃ ቆማችሁ የባዕዱን ቁጥር ጻፉ። -40 ከሆነ አጠገባችሁ ነው፤ -85 ከሆነ ሩቅ ነው፣ ወይም ወፍራም ግንብ ጋርዶታል። የራሳችሁ ሰውነትም ይጋርዳልና ዞር ዞር እያላችሁ ለኩ።

አራተኛ፣ ጠንካራውን በቀይ፣ መካከለኛውን በቢጫ፣ ደካማውን በሰማያዊ ቀቡ። በቁጥር የተደናገረ ዓይን በከለር ያያል!

ልጅቷም ሞከረችው። በኋላ ደውላ እንደነገረችኝ፣ ቀዩ የተሰበሰበው እሷ ጠረጴዛ ዘንድ ሳይሆን ጥግ ያለችው እቃ ቤት ዙሪያ ነበር። ሲከፈት ትንሽ ሳጥን ሶኬት ላይ ተሰክታ ተገኘች። ማን እንደሰካት አልታወቀም፤ የእቃ ቤቱ ቁልፍ እሷ ዘንድ እንዳልነበረ ግን ባለቤቱ ያውቃል።

ቀዩ ከአጥር ውጭ ቢወጣም አትገረሙ። በ2010 ዓ.ም. ሄግ ውስጥ አራት የሩሲያ ሰላዮች ዋይፋይ መጥለፊያቸውን መኪና ውስጥ ደብቀው ተደርሶባቸዋል።

ደግሞ ያልተፈቀደ ሁሉ የሌባ አይደለም፤ ኔትወርክ ደከመብኝ ብሎ የራሱን ሳጥን የሚሰካ ሠራተኛም አለ። ስለዚህ አትደባደቡ፤ ፎቶ አንሱ፣ ለባለቤቱ ንገሩ። ጠለፋ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለለት።

ጣት ከመቀሰር እርሳስ ማንሳት አይሻልም ትላላችሁ?