የሳንቲሙ መንገድ ዘይት አይወድም

በሳንቲም መጠጥ ወይም ማስቲካ የሚሸጥ ማሽን ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያስቸግረው ሳንቲም መርማሪው ነው። ሳንቲሙ መሃል ላይ ይሰነቀራል፤ አለዚያም ደህናው ሳንቲም ተመልሶ ይወጣል። ባለቤቱ ታዲያ ዘይት ይዞ ይመጣና በማስገቢያው ቀዳዳ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ማሽኑ ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ይብስበታል።

ለምን እንደሚብስበት የሚያውቀው ውስጡን ያየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩት ማሽኖች ሳንቲምን የሚመረምሩት ያለ ኤሌክትሮኒክስ ነበር። ሳንቲሙ መጀመሪያ ትንሽ ሚዛን ላይ ያርፋል፤ ከቀለለ ሚዛኑ አይዘነብልለትም። ካለፈ በዘቅዛቃ ሐዲድ ላይ እየተንከባለለ በማግኔት አጠገብ ይሄዳል። ብረት ከሆነ ማግኔቱ ይይዘዋል። ሌላ ማዕድን ከሆነ ደግሞ ማግኔቱ ሳይነካው ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፤ የሚቀንሰውም እንደ ማዕድኑ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታ ነው። ከሐዲዱ ፈጥኖ የወጣው ራቅ ብሎ፣ ዘግይቶ የወጣው ቀረብ ብሎ ይወድቃል። ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ትክክለኛው ብቻ ነው።

በአንደኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሄሮን የገለጸው ጠበል ቀጂ ማሽን ይህን ምርመራ አያውቅም ነበር፤ የወደቀበት ነገር ክብደት ካለው ውሃውን ይለቅ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ከ25 ሳንቲሙ ውስጥ ብሩን ሲያወጣ ስለ እነዚህ ማሽኖች ማሰብ ግድ ሆኖበታል። የሳንቲሙ ክብደት ከ6.25 ወደ 5.67 ግራም ወረደ፤ መዳብ መሃል ገብቶ በመዳብና ኒኬል ቅይጥ የተለበጠውም ማሽኖቹ እንደ ብሩ ሳንቲም እንዲቀበሉት ነው። ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

እንግዲህ እንዲህ በፍጥነት የሚለካ መንገድ ላይ ዘይት ሲፈስ ምን ይሆናል? ዘይቱ አቧራውንና የእጅ እድፉን ይሰበስባል፣ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ሳንቲሙን ያዘገያል። እውነተኛው ሳንቲም እንደ ሐሰተኛ ተቆጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክስ የሌለውን መርማሪ ፈትቶ ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅና ደረቁን መመለስ ነው።

ቅባት የሚፈልገው ሌላው ነው፦ የሚዞሩት ዘንጎች፣ የሞላዎቹ መያዣ፣ የበሩ ማጠፊያ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው ጥርስና የሚያግደው ምላስ። እዚያም ቢሆን አዲስ ከመቀባት በፊት አሮጌውን ማውጣት ይቀድማል። ለአሥርት ዓመታት የቆየ ግሪስ እንደ ሻማ ይደርቃል፤ በላዩ የተጨመረው አዲሱም ወደ ውስጥ አይደርስም። ከጸዳ በኋላ ለዘንግ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ለጥርስ ስስ ግሪስ ይበቃል። ዝገት የሚያላቅቁት የሚረጩ ፈሳሾች የተጣበቀውን ለማስለቀቅ ጥሩ ናቸው፤ አብዛኛው ፈሳሻቸው ግን ስለሚተን በግሪስ ቦታ አይተኩም። ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል፤ ለፕላስቲክ ጥርስ ሲሊኮን ይሻላል። ምግብ አጠገብ ደግሞ ለምግብ ማሽን ተብሎ የተሠራና «ኤች 1» የሚል ምልክት ያለበት ቅባት ብቻ ይግባ።

ማሽኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ከኋላ ለመሥራት ብላችሁም ብቻችሁን አታዘንብሉት፤ እንዲህ ያለ ማሽን ወድቆ የገደላቸው ሰዎች አሉ።